ቃሉን በእግር መማር፦ የጀማሪ ተዋንያን የሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ማርቆስ

ጥቅምት፣ ወለሉ

የቴአትር ክበባችን የሚለማመድበት አዳራሽ ተራ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከፍ ያለ መድረክ የለውም። ለጀማሪ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሲሚንቶ ላይ እንደልብ ማስመር ይቻላል፣ እወድቃለሁ ብሎ የሚሳቀቅም የለም።

የሙያ ቃላት ዝርዝር አይታደልም። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ባዶ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ቃል ወደ ወረቀቱ የሚገባው ልምምድ ላይ ትእዛዝ ሆኖ ሲነገር፣ የታዘዘውም ተማሪ ሳይጠይቅ ሲፈጽመው ብቻ ነው። «የኋላ መድረክ» ምን እንደሆነ በፈተና ወረቀት አሳምሮ የጻፈ ልጅ፣ «ወደ ኋላ መድረክ ግራ» ሲባል ወደ ተመልካቹ ከመጣ ቃሉን ገና አላወቀውም።

የመጫወቻው ቦታ 8 ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ጥልቀት አለው። መጀመሪያ የሚሰመረው ተመልካቹ ፊት ለፊት ያለው የፊት ጠርዝ ነው። ከዚያ የጠርዙ አጋማሽ ላይ ምልክት ይደረግና ወደ ኋላ የመሐል መስመር ይወጣል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱ የሚረጋገጠው በ3፣ 4፣ 5 ልኬት ነው፦ በጠርዙ ላይ 3 ሜትር፣ በመሐሉ መስመር ላይ 4 ሜትር ተለክቶ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ የመሐሉ መስመር ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ በኋላ የሚቆመው የመድረክ ግንባታም አብሮት ይጣመማል።

ስፋቱ ለሦስት፣ ጥልቀቱም ለሦስት ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል 2.67 በ2 ሜትር ይሆናል፤ ክፍሎቹ ዘጠኝ ናቸው። ለማስመሪያ የወረቀት ፕላስተር ተመርጧል። ካርቶን የሚታሸግበት ቡናማ ፕላስተር ሲነሣ ሙጫው ወለሉ ላይ ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል። የወረቀቱም ቢሆን አቧራ ያለበት ሲሚንቶ ላይ አይዝም፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው የሚለጠፈው።

ስማቸው ከጥልቀቱ ይጀምራል፦ ፊት፣ መካከል፣ ኋላ። ቀጥሎ ወገኑ ይመጣል፦ ቀኝ፣ መሐል፣ ግራ። በጽሑፍ ሲያጥሩ ፊቀ፣ ፊመ፣ ፊግ፤ መቀ፣ መመ፣ መግ፤ ኋቀ፣ ኋመ፣ ኋግ ይሆናሉ። የአዳራሹ እምብርት መመ ነው።

ቀኝና ግራ ሁልጊዜ ወደ ተመልካች የዞረው የተዋናይ ቀኝና ግራ ናቸው። ተዋናዩ ጀርባውን ቢሰጥም አይለወጡም። ይህን የሚስተው ተዋናዩ ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝዘው አዘጋጅም ይስታል። (አዘጋጅ የምንለው ተውኔቱን ወደ መድረክ የሚያመጣውን ሰው ነው። ገንዘቡንና አዳራሹን የሚያመቻቸው ሌላ ነው፤ እሱ ፕሮዲዩሰር ይባላል።) ስለዚህ በተራ አዘጋጅ የሚሆኑት ተማሪዎች የመጀመሪያውን ልምምድ የሚያዙት ከተዋናዮቹ ጎን ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ወንበሮቹ መልሰው ነው።

ፈረንሳዮች ክርክሩን በሌላ መንገድ ዘግተውታል። አንዱን ወገን «የአትክልት ወገን»፣ ሌላውን «የግቢ ወገን» ይሉታል፤ መነሻው ፓሪስ ውስጥ በቲውለሪ ቤተ መንግሥት የነበረው ቴአትር ቤት በአትክልት ቦታውና በግቢው መካከል መገኘቱ ነው። ከተመልካች ሲታይ አትክልቱ በግራ ነው። እኛም ለዕቃ ተሸካሚዎችና ለመብራት ሠራተኞች «የበር ወገን» እና «የመስኮት ወገን» ብለናል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጣውላ ይዞ የሚገባ ልጅ የማን ቀኝ እንደሆነ እንዲያሰላ መጠበቅ ከንቱ ነው። ተዋናይ ግን ቀኝና ግራን ይማራል።

የእንግሊዝኛ የተውኔት ጽሑፍ የሚያነቡ ልጆች የኋላውን መድረክ «ላይ»፣ የፊቱን «ታች» ተብሎ ያገኙታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ቴአትሮች የመድረኩ ወለል ወደ ኋላ ከፍ እያለ ይሠራ ስለነበር ነው። የእኛ ወለል ዝርግ ስለሆነ ፊትና ኋላ ይበቃል።

መልመጃው እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ ኮድ ይጠራል፣ አራት ልጆች ይሄዳሉ። «መግ!» «ኋቀ!» «ፊመ!» ሁልጊዜ የሚታዩት ስሕተቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፕላስተሩን እያዩ መሄድ ነው፤ ዐይን ወደ ወለል ከወረደ ፊት ይጠፋል። ሁለተኛው የኋላ ኋላ መራመድ ነው። ሦስተኛው ሲዞሩ ጀርባን ለተመልካች ሰጥቶ መዞር ነው፤ መዞር ያለበት ፊት በተመልካች በኩል እንዲያልፍ ሆኖ ነው፣ ምንም እንኳ ክቡ ቢረዝም። ለመጀመሪያው ስሕተት መድኃኒቱ መስመሮቹን ቀስ በቀስ መንቀል ነው። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ የሚቀረው የመሐል መስመርና የፊት ጠርዝ ብቻ ነው።

ጥቅምት፣ አካል

ዛሬ ወረቀቱ ላይ የገቡት አምስት የአቋም ስሞች ናቸው፦ ሙሉ ፊት፣ ሩብ ዙር፣ ጎን፣ ሦስት ሩብ ዙር፣ ሙሉ ጀርባ። በተግባር የሚበልጠውን ጊዜ የሚወስደው ሩብ ዙር ነው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በተፈጥሮ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መድረክ ላይ ያን ካደረጉ ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ጆሮ ነው። እያንዳንዳቸው የተመልካች ወገን የሆነውን እግር 45 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ሲከፍቱ ትከሻ ይከተላል፣ ፊት ይገለጣል፣ ግን አሁንም የሚተያዩ ይመስላል። የሚከፈተው ከእግር ነው። አንገት ብቻ ከተጠመዘዘ ድምፅ ይታነቃል።

ታላላቆችን ማክበር እዚህ ላይ አስቸጋሪ ሆኖ ይመጣል። ልጅ ለሽማግሌ ሲናገር አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ነው። ይህ ትክክለኛ ባህርይ ነው፣ ተውኔቱም ይፈልገዋል። ነገር ግን አንገት ተደፍቶ የተነገረ ቃል ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። መፍትሔው ከወገብ ጎንበስ ብሎ አገጭን አለመቅበር፣ ዐይንን ደግሞ የሽማግሌው እግር ላይ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ማሳረፍ ነው። አክብሮቱ ይታያል፣ ፊቱም ይታያል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ጽሑፉ

የሚሠራው ባለ አንድ ገቢር አጭር ተውኔት ነው፤ የድንበር ሙግት። ሁለት ባላጋራዎች፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት እናት፣ አንድ ጎረምሳ። በጎጃም ገጠር የዛፍ ሥር ሙግት ራሱ መድረክ ያለው ነገር ነው፤ ተሟጋቹ ይነሣል፣ ዱላውን ያስተካክላል፣ ጋቢውን ያጣፋል፣ በተራ ይናገራል። ተማሪዎቹ አይተውታልና ከባዕድ አገር ታሪክ ይልቅ ይቀላቸዋል።

መጀመሪያ የጠረጴዛ ንባብ። ሁሉም ተቀምጦ፣ እርሳስ ይዞ፣ ያለ ትወና ያነብባል። እግረ መንገዱን የጽሑፉ አካላት ስም ይወጣላቸዋል። ገቢር ትልቁ ክፍል ነው፤ ትዕይንት በውስጡ ቦታ ወይም ጊዜ ሲለወጥ የሚጀምረው ነው። ቃለ ተውኔት ገጸ ባሕርያት የሚናገሩት ነው። በቅንፍ ያለው «(ድንጋዩን እያየ)» የሚለው ዓይነት የመድረክ መግለጫ ነው፤ አይነበብም፣ ይደረጋል። ቢያንስ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ያነብበዋል፤ ስለዚህ በንባብ ጊዜ መግለጫዎቹን የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ይመደባል። ገጸ ባሕርይ ብቻውን ሆኖ ሐሳቡን ሲያወጣ የብቻ ንግግር ነው። ሌሎቹ እንዳልሰሙት ተቆጥሮ ለተመልካች የሚጣል አጭር ቃል ደግሞ የጎን ንግግር። መነባንብ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የሚወጣ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ እዚህ ተውኔት ውስጥ የለም።

የተውኔቱን ርዝመት ከገጽ ብዛት መገመት አያዋጣም፤ የአንዱ እጅ ጽሑፍ ከሌላው ይለያል። ጮክ ብሎ በሰዓት ማንበብ ነው። በእንቅስቃሴና በዝምታ ምክንያት መድረክ ላይ ከንባቡ ከሩብ እስከ ሲሶ ይረዝማል ብሎ መያዝ ይሻላል።

አሁን ጀማሪን ሁሉ ወደሚጥለው ነገር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን አደረገ፣ መቼ፣ አደረገ ወይስ አላደረገም፣ ሁሉም የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። የጀማሪ ድምፅ ደግሞ የሚወድቀው በትክክል እዚያ ላይ ነው፣ ትንፋሹ ስላለቀ። ከጽሑፉ አንድ ምሳሌ፦

ከሳሽ፦ ድንጋዩን ማን ነቀለው?
ተከሳሽ፦ ውኃ ወሰደው እንጂ እኔ አልነቀልሁትም።

«አልነቀልሁትም» ከተዋጠ አዳራሹ ጫፍ ላይ ያለው ተመልካች የሰማው «ውኃ... እኔ...» ነው። ተከሳሹ ይመን ወይም ይካድ አያውቅም፤ የሙግቱ መሠረት ጠፋ።

የሚሠራው መልመጃ ከኋላ መነሣት ነው። መጀመሪያ ግሡ ብቻ በሙሉ ድምፅ፦ «አልነቀልሁትም»። ከዚያ «እኔ አልነቀልሁትም»። ከዚያ ሙሉው። እያንዳንዱ ዙር ሲጨመር የመጨረሻው ቃል ከመጀመሪያው ዙር መቀነስ የለበትም። አንድ ልጅ 12 ሜትር ርቆ ግድግዳው ሥር ይቆምና የመጨረሻው ቃል ያልተሰማው ጊዜ እጁን ያነሣል፤ አይናገርም፣ አያቋርጥም፣ እጁን ብቻ። ትንፋሽ የሚወሰደው ከመጨረሻው ሐረግ በፊት ነው። ጽሑፉ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ለአጭር ትንፋሽ፣ ሁለት ጭረት ለረጅም። ነጠላ ሰረዝ ያለበት ሁሉ ትንፋሽ አይደለም፤ ይህንም ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ከዚሁ የሚከተለው የመነሻ ቃል ጉዳይ ነው። መነሻ ቃል ማለት የእኔ ተራ እንደደረሰ የሚነግረኝ የሌላው ተዋናይ የመጨረሻ ቃል ነው። በአማርኛ ግን አንድ ቃል ብቻ ከተያዘ «ነው»፣ «አለ»፣ «ነበር» ይሆናል፤ በአንድ ገጽ ላይ ደጋግሞ ይመጣል። ጎረምሳውን የሚጫወት ልጅ «ነው»ን ከያዘ በእያንዳንዱ «ነው» ላይ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት በቀይ ይሰመሩበታል፣ ሦስቱም አብረው ይጠናሉ። የራሱን ክፍል ብቻ ቀድቶ የሚያጠና ተማሪ ቀይ መስመሮቹንም አብሮ ይቀዳል፤ አለዚያ ቃሉን ያውቃል፣ መቼ እንደሚናገር ግን አያውቅም።

በግጥም የተጻፉት የሽማግሌው ንግግሮች ሌላ ችግር አላቸው። ተናጋሪው ቤት በመታ ቁጥር ድምፁን ያንኑ ያህል ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ከአራተኛው ስንኝ በኋላ ጆሮ ትርጉሙን ትቶ ዜማውን ይከተላል። የግጥም ተውኔት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ከቀደምት የአማርኛ ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱ የሆነው ዮፍታሔ ንጉሤ የወጣው ከእዚሁ ከደብረ ኤልያስ፣ ከቅኔው አገር ነው። በእኛ ቡድንም የቆሎ ትምህርት ቤት ያየ ልጅ ረጅም ግጥም በቃሉ ለመያዝ ከሌላው ይፈጥናል፤ የዜማው ልማድም አብሮት ይመጣል። መፍትሔው ስንኙን እንደ ስድ ንባብ በአንድ መስመር ገልብጦ መጻፍና መጀመሪያ እንደዚያ ማጥናት ነው። ቤቱ ራሱ ይሰማል፣ ማንም መግፋት የለበትም።

ኅዳር፣ እንቅስቃሴ

አቋቋም መስጠት ተጀመረ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ ወዴት እንደሚሄድ። አዘጋጁ ይናገራል፣ ተዋናዩ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁለቱም ይጽፋሉ። በእርሳስ ነው፣ በስክሪብቶ የጻፈ ይጸጸታል። አጻጻፉ፦ «ግ» ግባ፣ «ው» ውጣ፣ «ተ» ተሻገር፣ «ቁ» ተቀመጥ፣ «ነ» ተነሥ። «ተ → ፊግ» ማለት ወደ ፊት ግራ ተሻገር ነው። ምልክቱ የሚጻፈው እንቅስቃሴው የሚጀምርበት ቃል ላይ እንጂ ከዓረፍተ ነገሩ ጎን አይደለም።

ሁሉንም ተዋንያን ያካተተው ዋናው ቅጂ የሚያዘው በመድረክ አስተባባሪው እጅ ነው። በየቀኙ ገጽ ጽሑፉ፣ በየግራው ባዶ ገጽ ላይ የመድረኩ ትንሽ ንድፍ። ይህ ቅጂ ወደ ቤት አይሄድም።

አዲስ የገቡት ቃላት፦

ተሻገር፦ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ መሄድ። በራስ ንግግር ላይ መሻገር የተናጋሪውን ጉልበት ይጨምራል፤ በሌላው ንግግር ላይ መሻገር የተመልካቹን ዐይን ይሰርቃል። ስለዚህ ያልታዘዘ መሻገር በሌላው ንግግር ላይ ክልክል ነው።

ማካካስ፦ አንዱ ሲሻገር ሌላው አንድ ሁለት እርምጃ በተቃራኒው ተንቀሳቅሶ መድረኩን ማመጣጠን። ይህ ካልተደረገ አምስቱም ገጸ ባሕርያት በአሥር ደቂቃ ውስጥ በበሩ ወገን ይከማቻሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም የሚገቡት ከዚያ ነው።

ማሸፈን፦ አንዱ ሌላውን ከተመልካች መጋረድ። የተሸፈነው ራሱ ግማሽ እርምጃ ወጥቶ ይከፈታል፤ የሸፈነውን አይጠብቅም።

ማስቀደም፦ አንድ ተዋናይ ወደ ኋላ መድረክ ሲያፈገፍግ የሚያናግሩት ሁሉ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው ወደ እሱ ይዞራሉ፤ እሱ ብቻ ሙሉ ፊት ይቀራል። ለሽማግሌው ሆን ተብሎ ተደርጓል፤ ኋመ ላይ ተቀምጦ ሁለቱ ባላጋራዎች ፊቀ እና ፊግ ላይ ሆነው ወደ እሱ ሦስት ሩብ ዙር ዞረው ይሟገታሉ። ጎረምሳው ሳያውቀው ሲያደርገው ግን የእናትን ትዕይንት ገደለ። እዚያ ልምምድ ላይ ቃሉ ወዲያው ተመዘገበ።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ የሙግት ዱላ ርዝመት አለው። በመሻገር ጊዜ ዱላው በተመልካች በኩል ባለው እጅ ከተያዘ ፊትን ይከፍላል። በኋላ መድረክ በኩል ባለው እጅ ይያዛል፤ ሲዞሩ እጅ ይቀየራል፤ ቅያሬው ራሱ ጽሑፉ ላይ ይጻፋል።

ኅዳር፣ ግንባታና ዕቃ

የቤት ግድግዳ የሚሆኑ ሁለት ፍሬሞች ተሠሩ። እያንዳንዱ 1.20 በ2.40 ሜትር ነው። 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ፦ ሁለት ቋሚ 2.40፣ ሦስት አግዳሚ 1.12 ሜትር። አግዳሚው 1.12 የሆነው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ስለሚገባ ነው፤ 1.20 አድርጎ የቆረጠ ፍሬሙ 1.28 ይወጣለታል። ለአንዱ 8.16 ሜትር እንጨት ይፈልጋል፣ ከብክነቱ ጋር 9 ሜትር መግዛት ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ከኮምፔልሳቶ የተቆረጠ 20 ሴንቲ ሜትር ባለ ሦስት ማዕዘን ተመትቷል። ርካሹ እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ፍሬሙም መሬት ላይ በሦስት እግር ይቆማል።

የሚለብሰው አቡጀዴ ነው፤ በየወገኑ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተትቶ። ከየጎኑ መካከል ጀምሮ ወደ ማዕዘኖቹ ይመታል። ከበሮ እስኪመስል መወጠር ስሕተት ነው፤ ኮላና ውኃ ተቀላቅሎ ሲቀባ ጨርቁ ይኮማተርና ራሱን ይወጥራል። ቀድሞ የተወጠረ ጨርቅ ሲደርቅ ሞራሌውን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ቅይጡ አንድ እጅ ኮላ፣ አራት እጅ ውኃ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀለም አይነካውም፤ የቸኮለ ቀለሙ ደመና ደመና ይሆንበታል።

ከኋላ የሚደግፈው ሦስት ማዕዘን ድጋፍ በ20 ኪሎ አሸዋ ይያዛል፤ አሸዋው ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ሚስማር መምታት አይቻልም።

ለሽማግሌው መቀመጫ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ርብራብ ተሠራ፣ 1.20 በ2.40 ሜትር፣ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔልሳቶ፣ ሥሩ በየ60 ሴንቲ ሜትር አግዳሚ። ምክንያቱ የተመልካች ወንበር በተመሳሳይ ወለል ላይ መሆኑ ነው። ተዋናይ መሬት ላይ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ የሚታየው አናቱ ነው። ይህ የሚረጋገጠው በዕይታ መስመር ነው፦ አንድ ሰው በየረድፉ ሁለት ጫፍ ወንበሮች ላይ እየተቀመጠ የተዋናዩን እጅና ፊት ያያል። መካከል ተቀምጦ «ይታያል» ማለት አይቆጠርም። ርብራቡ ሲረገጥ እንደ ባዶ ሳጥን ስለሚጮህ ሰሌን ለብሷል።

ዕቃዎች ሁለት ወገን ናቸው። ተዋናይ በእጁ የሚይዘው የእጅ ዕቃ ነው፤ ዱላ፣ ዋንጫ፣ የሙግቱ ወረቀት። በቦታው የሚቀመጠው የመድረክ ዕቃ ነው፤ ድንጋዩ፣ ማሰሮው፣ በርጩማው። የእጅ ዕቃዎች በበሩ ወገን ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፍኖ የእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ በማርከር ተሰምሯል፣ ስሙም ተጽፏል። ባዶ ቅርጽ ከታየ አንድ ዕቃ ጎድሏል፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ሕጉ አንድ ነው፦ የራስህ ያልሆነውን ዕቃ አትነካም፣ ልታቀናውም ቢሆን።

ኅዳር መጨረሻ፣ መብራትና ልብስ

መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ እጥፍ ተሸፈኑ። ሃሎጂን ፓውዛ ለመጠቀም የነበረው ሐሳብ በስሌት ወደቀ፦ አራት ባለ 500 ዋት 2000 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያልፋል። መስመሩ ባለ 10 አምፔር ሲሆን የድምፅ ማጉያውም በዚያው ላይ ተሰክቷል፤ ብሬከሩ ሽማግሌው ፍርድ ሊሰጥ ሲል ይወርዳል። ስድስት ባለ 50 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ 300 ዋት ብቻ ይወስዳል። ጉድለታቸው በተራ ዲመር (ብርሃን ቀስ በቀስ በሚያደበዝዝ መቆጣጠሪያ) አለመታዘዛቸው ነው፤ ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ በሦስት ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ሁለት ሆነው ተከፍለዋል፤ ማደብዘዝ የሚሆነው ጥንድ በጥንድ በማጥፋት ነው።

የት ይሰቀላሉ? መሠረታዊው አሠራር አሜሪካዊው ስታንሊ ማካንድለስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሰፋፋው ነው፦ ለእያንዳንዱ የመጫወቻ ክፍል ከፊት ሁለት መብራት፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ፣ ሁለቱም ከላይ ወደ 45 ዲግሪ። የእኛ ወራጅ ያለው በ3.60 ሜትር ከፍታ ነው፤ የቆመ ሰው ፊት በ1.60 አካባቢ። ልዩነቱ 2 ሜትር ስለሆነ ለ45 ዲግሪ መብራቱ ከተዋናዩ 2 ሜትር ብቻ ፊት መሆን አለበት። ወደ 2.90 ሜትር ቢርቅ ማዕዘኑ ወደ 35 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህም ይሠራል። ከዚያ በታች ሲሆን ጥላ ከኋላ ግድግዳው ላይ ይቆማል። ቀጥ ብሎ ከአናት ላይ ከሆነ ደግሞ ዐይን ጉድጓድ ይሆናል።

ነጭ ጋቢ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፤ የጠይም ሰው ፊት ከጎኑ ይጨልማል። መብራት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ጋቢውን ማደብዘዝ ነው፦ በ10 ሊትር የፈላ ውኃ 100 ግራም ሻይ ቅጠል ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ ቀድሞ በውኃ የራሰ ጋቢ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየተገላበጠ ይነከራል። ደረቅ ሆኖ ከገባ ይዥጎረጎራል። ይህ የሚደረገው በክበቡ ጋቢ ላይ ብቻ ነው። የተዋስነውን «እማማ፣ ትንሽ ሻይ ነካነው» ብሎ መመለስ አይቻልም፤ እሱ ባለበት ትዕይንት ላይ አንድ ጥንድ መብራት ይጠፋል።

ታኅሣሥ፣ ጥሪ

የቴክኒክ ልምምድ የተዋንያን ልምምድ አይደለም። ከለውጥ ወደ ለውጥ ይዘለላል፤ መብራት 1፣ ከዚያ ድምፅ 1፣ በመካከል ያለው ንግግር ይታለፋል። ተዋንያን ይሰለቻሉ፣ ይህ የታወቀ ነው፤ የሚነገራቸው ቆመው ብርሃን እንዲሞቁ ነው።

የሚያዘው የመድረክ አስተባባሪው ብቻ ነው፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ አዘጋጁም በእሱ በኩል ይናገራል። የጥሪው ቅርጽ፦ «መብራት 4፣ ተዘጋጅ።» መላሹ «መብራት 4፣ ዝግጁ።» ከዚያ በትክክለኛው ቅጽበት «መብራት 4፣ ሂድ።» እጅ የሚንቀሳቀሰው «ሂድ» ላይ ነው። «በል» እና «እሺ» ለዚህ አልተመረጡም፤ አማርኛ ተናጋሪ በየደቂቃው ይላቸዋልና አንዱ ልጅ መብራት ያጠፋል። በዚያው ምክንያት ቴክኒክ ልምምድ ላይ ማንም ሰው ማንንም «ሂድ» አይልም፤ «ዞር በል» ይበል።

«ያዝ!» ሁሉን ነገር የሚያቆም ቃል ነው። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ይለዋል፣ የሚወድቅ ፍሬም፣ የተጋለጠ ሽቦ። ሲሰማ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ አይሮጥም። መብራት ሲሄድ ግን «ያዝ» አይባልም። ፊቀ እና ፊግ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሁለት ባትሪ መብራቶች ይበራሉ፣ ተውኔቱ ይቀጥላል። ይህም ሆን ተብሎ ብሬከር ወርዶ ተለማምዷል።

የሰዓት ጥሪ በአገራችን አንድ ወጥመድ አለው። የጥሪ ወረቀቱ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ይላል፣ ስልኩ 2፡00 ያሳያል። ወረቀቱ ላይ አንዱ ብቻ ይጻፍ፤ ሁለቱንም መጻፍ ግራ ማጋባት ነው። እኛ የአገራችንን ይዘናል። ጥሪዎቹ 30 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ፣ «በቦታ» ናቸው። ጥሪ የሰማ «አመሰግናለሁ፣ 15» ብሎ ቁጥሩን ደግሞ ይመልሳል፤ መልስ ካልመጣ አልተሰማም። በብሪታንያ ቴአትሮች «የግማሽ ሰዓት» ጥሪ የሚደረገው መጋረጃ ከመከፈቱ 35 ደቂቃ በፊት ነው፤ የመጨረሻው ጥሪ 5 ደቂቃ ሲቀረው ስለሆነ ቆጠራው ወደ እሱ ነው። እኛ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ቃል እንቆጥራለን።

አስታዋሹ በመስኮቱ ወገን ተቀምጧል። ቃል ለረሳ ተዋናይ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ሐረግ እንጂ የመጨረሻውን አይደለም፤ በሹክሹክታም አይደለም፣ ዝቅ ባለ እውነተኛ ድምፅ ነው። ሹክሹክታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ዝምታ ሁሉ መርሳት ስላልሆነ፣ ሆን ተብለው የተተዉ ዝምታዎች አስታዋሹ ቅጂ ላይ በክብ ምልክት ተደርገዋል።

ታኅሣሥ፣ ሙሉ ልምምድ

በልብስ፣ በመብራት፣ ሳይቋረጥ ተሄደ። የአዳራሹ ማስተጋባት ተዋንያኑን ስላስቸገረ የኋላው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብሶች ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ርቀው ተሰቀሉ፤ ማስተጋባቱ አጠረ። ሰው ሲሞላ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ላይ ድምፅን መለካት ያሳስታል።

እርማት የተሰጠው በጽሑፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት፣ በክፍል ኮድና በገጽ፦ «ገጽ 6፣ መቀ፣ ዱላ እጅ ይቀየር»። ረጅም ንግግር አልተደረገም።

ለትርኢቱ ማግስት የማፍረሻው ቅደም ተከተል ከወዲሁ ተለጥፏል፦ መጀመሪያ የእጅ ዕቃ ተቆጥሮ ወደ ሳጥን፣ ከዚያ የተዋስናቸው ልብሶች ለባለቤቶቻቸው፣ ከዚያ መብራት ከብሬከሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፣ ከዚያ ፍሬሞቹ። የአሸዋው ማዳበሪያ የሚነሣው አንድ ሰው ፍሬሙን ከያዘ በኋላ ነው። የወለሉ ፕላስተር መጨረሻ ላይ ይነቀላል፣ ከጠርዙ በዝቅተኛ ማዕዘን እየተሳበ።